ከምግብ ጋር፦ እግሬን የያዘው ፈንገስና እኔ

መጀመሪያ ያየኋት አንዲት እብጠት ነበረች። በቀኝ እግሬ፣ ከቁርጭምጭሚቴ አራት ጣት ከፍ ብላ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታክል። ቀይ ነበረች። አታምም፤ ታሳክካለች እንጂ። ወሩ መስከረም ነበር። መቱ ውስጥ ጭቃው ቶሎ ስለማይደርቅ በዚያ ወር እግሩን የሚያክ ሰው ማንንም አያስገርምም። አከክኋት፤ ከዚያም ረሳኋት።

ይህን የምጽፈው እግሩ ወይም እጁ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶበት ስሙን ለማያውቅ ሰው ነው። ሐኪም አይደለሁም። ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ ገበያው አጠገብ ስልክና ሬዲዮ እጠግናለሁ። ጥገናውንም ያስተማረኝ የለም፤ የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ስለ በሽታዬ የማውቀውንም ያገኘሁት በዚሁ መንገድ ነው። ያልገባኝ ቦታ ስደርስ አልገባኝም እላለሁ።

እብጠቷ ከየት እንደመጣች ያሰብኩት በኋላ፣ ሐኪም ሲጠይቀኝ ነው። በግንቦት ወር የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ነገራ ጋ ሁሩሙ ሄጄ ነበር፤ ማር የሚቆረጥበት ጊዜ ነው። ጋሼ ነገራ ቀፎ የሚሰቅሉት ጫካ ውስጥ፣ ትልልቅ ዛፍ ላይ ነው። ክረምት ከበጋ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ አያወልቁም። ቤት ውስጥም አያወልቁም። ለምን ሲባሉ «እባብ ቀጠሮ አይሰጥም» ይላሉ። እኔ ግን የሄድኩት በነጠላ ጫማ ነበር። ከዛፉ ስወርድ አንድ እሾህ እግሬ ውስጥ ገብቶ ተሰበረ። ጋሼ ነገራ ከዚያው ቁጥቋጦ ሌላ እሾህ ቆርጠው «እሾህን በእሾህ» እያሉ አወጡልኝ። የወጣው ግማሹ ብቻ ነበር።

እስከ ጥር ድረስ አንዷ እብጠት አምስት ሆነች። ከዚያ ተጋጠሙ። የላይኛው ቆዳ ሻካራ ሆነ፣ ተሰነጣጠቀ፤ አበባ ጎመን መሰለ። ሲነካ ይደማል። ሙቀት ሲሆን ይሸታል። በጨርቅ እየጠቀለልኩ ረጅም ሱሪ እለብስበት ጀመር።

ከሱቄ አጠገብ ልብስ የሚሰፋው ሙሐመድ ጓደኛዬ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። ማንከሴን ያየው እሱ ነው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ኪንታሮት ነው አሉኝ።»

የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጡን አቆመ። «ኪንታሮት? እኔ የማውቀው ኪንታሮት የሚወጣው መቀመጫ ላይ ነው። ያንተው አድራሻ ጠፍቶት ነው እንዴ?»

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ጨርቁን ፈትቼ ሳሳየው ከመኪናው ተነሥቶ ጎንበስ አለ። «ይሄ እንኳ ኪንታሮት አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «ሂድና ታከም።»

ኪንታሮት ያሉኝ ጋሼ ነገራ ነበሩ። የቅንጭብ ወተት ቀቡልኝ። አቃጠለኝ፤ ቆዳው ተላጠ፣ ሥሩ ግን አልተነካም። አንድ ክሊኒክ ክሎክሳሲሊን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ሰጠኝ፤ ሽታው ቀነሰ፣ እብጠቱ ቀጠለ። ሌላው ቁንጭር የሚባለው የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል አለ። በዚህ ማንንም አልከስም። የተበላሸ ስልክ አምጥተው «ድምፅ የለውም» ሲሉኝ እኔም መጀመሪያ የምቀይረው ድምፅ ማጉያውን ነው። ሁሌ ግን ጥፋቱ እዚያ አይደለም።

ሥራዬ ላይ ግንባሬ ላይ የማስረው ማጉያ መነጽር አለኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ ጨርቁን ፈትቼ እግሬን በዚያ መነጽር አየሁት። ሻካራው ቆዳ ላይ ጥቋቁር ነጥቦች ተበትነው ነበር። ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ቆሻሻ መስሎኝ በአልኮል ጠረግኋቸው፤ አልለቀቁም። ደብተሬ ላይ ሣልኳቸው፤ ቆጠርኳቸውም። አሥራ ሰባት ነበሩ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄጄ ለተረኛው ሐኪም ስለ ነጥቦቹ ነገርኩት።

«በምን አየሃቸው?» አለኝ።

«በሞባይል መጠገኛ መነጽሬ።»

ፈገግ አለ። መነጽሩን ተቀብሎ ራሱ አየ። ፈገግታው ጠፋ። ወረቀት ጽፎ ወደ ላቦራቶሪ ላከኝ።

የላቦራቶሪው ባለሙያ ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፤ ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡ ሰው ናቸው። ቆዳውን ዝም ብለው አልፋቁም፤ ጥቋቁሮቹን ነጥቦች ለይተው፣ አንድ በአንድ በምላጭ ጫፍ አነሡ። መስታወት ላይ አድርገው ኬኦኤች የሚባል ፈሳሽ ጠብ አደረጉበትና ጥቂት ጠበቁ። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ሳይሉ «ኮቱ፣ ኢላሊ» አሉኝ፤ ና፣ እይ ማለታቸው ነው።

አየሁ። ክብ ክብ፣ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው፣ ቡናማ ነገሮች። መሐላቸው ላይ መስመር አለ።

«የተቆላ ቡና ይመስላሉ» አልኩ።

«መጽሐፉ የመዳብ ሳንቲም ይመስላሉ ይላል» አሉ ኦቦ ገመቹ። «የኢሉባቦር ሰው ሲያይ ግን ቡና ነው። ፈንገስ ነው፣ ልጄ። ከእሾህ ወይም ከእንጨት ጋር የሚገባ። ስሙ ረጅም ነው፤ ጻፈው።»

ጻፍኩት። ክሮሞብላስቶማይኮሲስ።

ለማረጋገጫ ወደ ጅማ ተላክሁ። ከቁስሉ ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ ባዮፕሲ ተሠራ፤ ውጤቱ ያው ሆነ። የቆዳ ሐኪሟ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። እናቴም አብራኝ ነበረች። ዶክተሯ እንዲህ አሉኝ፦ «ካንሰር አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ካልታከመ ግን አይቆምም፤ እግሩ ያብጣል፣ መራመድ ይከለክላል፤ ብዙ ዓመት ከቆየ ወደ ካንሰር ሊለወጥም ይችላል። መድኃኒቱ ኢትራኮናዞል ይባላል። ቢያንስ ስድስት ወር ትወስዳለህ፤ ምናልባት ከዓመት በላይ። አንድ ቀን እንዳታስቀር።»

አንድ ቀን አላስቀረሁም። በዚህ እኮራ ነበር። አዲስ ደብተር ገዝቼ በየቀኑ ጻፍኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ የእንክብሉ ብዛት፣ የቁስሉ ርዝመትና ስፋት በሴንቲ ሜትር። በየወሩ ለጉበቴ የደም ምርመራ አደረግሁ፤ እሱንም ጻፍኩ። ሙሐመድ ደብተሩን አይቶ «አንተ ሰው፣ ፈንገሱ እንኳ ራሱን እንዲህ አያውቅም» አለኝ።

ግን አልተሻለኝም።

መጋቢት፣ ስምንት ሴንቲ ሜትር። ሚያዝያ፣ ዘጠኝ። ሰኔ፣ አሥራ አንድ። ባቴ ላይ አዲስ ወጣ። ጫማዬ አልገባ አለ። ሱቅ ውስጥ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ መሥራት ጀመርኩ።

በሐምሌ መጀመሪያ ከእናቴ ጋር ጅማ ተመለስኩ። ዶክተሯ እግሬን ያዙት። ጫን አሉት። ጣታቸው ሲነሣ ጉድጓዱ ቀረ።

«አምስት ወር ነው» አሉ። «እስካሁን መለወጥ ነበረበት። ፈንገሱ መድኃኒቱን ተቋቁሞት ሊሆን ይችላል።»

«ሌላ መድኃኒትስ?» አልኩ።

«ጥቂት ናቸው። ከቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ጋር እነጋገራለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ና።»

«እግሬን ነው?»

«እሱን ገና አላልኩም» አሉ።

ገና። መንገዱን ሁሉ ያቺን ቃል ይዤ መጣሁ። በደሌ ላይ አውቶቡሱ ምሳ ቆመ። አልወረድኩም። ዛፍ ላይ ስወጣ ታየኝ። ከዚያ ግን፣ ከእንግዲህ ዛፍ ላይ እንደማልወጣ አሰብኩ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ ነበር፤ በቀኙ ላይ።

በማግስቱ ኦቦ ገመቹ ጋ ሄድኩ። የሄድኩት ለምርመራ አልነበረም። «መድኃኒቶቹ ለምን ጥቂት ሆኑ?» ብዬ ልጠይቃቸው ነው። ለቶንሲል፣ ለሳንባ ምች፣ ለታይፎይድ የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ሙሉ ነው። ለዚህ ግን ለምን?

ወንበር ሳቡልኝ። «ባክቴሪያ ከእኛ ሩቅ ነው» አሉ። «ስትመታው አንተን አያገኝህም። ፈንገስ ግን ዘመድ ነው። ሴሉ እንደ እኛ ሴል ነው የተሠራው። እሱን የሚመርዘው አብዛኛው ነገር እኛንም ይመርዘናል። ስለዚህ እኛ ዘንድ የሌለ፣ እሱ ዘንድ ብቻ ያለ ነገር መፈለግ ነው።»

«አንድ ነገር አልተገኘም?»

«ተገኝቷል። ኤርጎስቴሮል የሚባል የሴሉ ሽፋን ቅባት አለ። ያንተም መድኃኒት የሚመታው እሱን ነው፤ የሌሎቹም የብዙዎቹ ዒላማ እሱ ነው። ስማቸው ይለያያል እንጂ የሚመቱት ቦታ ያው ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።»

«ታዲያ ሌላ ቦታ የለም?»

ትንሽ አሰቡና «ማጀቱ አለ» አሉኝ።

እንዳልገባኝ አይተው ቀጠሉ። «አሚኖ አሲድ ታውቃለህ? ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ ነው። ሃያ ናቸው። ከእነዚህ ዘጠኙን የሰው አካል መሥራት አይችልም፤ ከባቄላው፣ ከሥጋው፣ ከወተቱ የግድ መብላት አለበት። ፈንገስ ግን እነዚያንም ራሱ ያበስላቸዋል። የሚያበስልበት የራሱ ማጀት አለው፤ እኛ ያንን ማጀት ከጥንት ጀምሮ ዘግተነዋል። እንግዲህ አስበው። የእሱን እሳት ብታጠፋበት እኛ ቤት የሚጠፋ እሳት የለም።»

ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። ስልኬ ላይ የተገኘውን ሁሉ አነበብኩ፤ ያልገባኝን ቃል ደብተሬ ላይ ጽፌ እንደገና ፈለግሁ። ላይሲን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። በቆሎ ላይ ትንሽ ነው፣ ባቄላና ሽምብራ ላይ ብዙ ነው። ዕፅዋትና ባክቴሪያ በአንድ መንገድ ይሠሩታል፤ ፈንገሶች ደግሞ ፈጽሞ በተለየ በሌላ መንገድ ይሠሩታል። ሰው በየትኛውም መንገድ አይሠራውም። መንገዱ ብዙ ደረጃ አለው፤ በየደረጃው አንድ ኢንዛይም ይቆማል። ተመራማሪዎች የሚፈልጉት አንዱን ኢንዛይም የሚያስር ሞለኪውል ነው። በስልክ ቦርድ ላይ አንዲት ቅንጣት ዕቃ ብትነቀል መስመሩ ሁሉ እንደሚሞተው ማለት ነው። ይህ ገባኝ። በጣም ገባኝ።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረብኝና በሦስተኛው ቀን ወደ ኦቦ ገመቹ ተመለስኩ። «እኔ ባቄላ በልቼ ደሜ ውስጥ ላይሲን ካለ» አልኳቸው፣ «ፈንገሱ ማጀቱ ቢዘጋበት ከእኔ ለምን አይሰርቅም?»

ሳቁ። «እኔም ያንኑ ነው የምጠይቀው። እንደማነበው አንዳንዱ ፈንገስ ማጀቱ ሲዘጋበት ይራባል፣ ሰውነት ውስጥ መኖር ያቅተዋል። አንዳንዱ ደግሞ ከጎረቤት ለምኖ ያድራል። እንደ ፈንገሱ ዓይነት፣ እንደ ተቀመጠበትም ቦታ ይለያያል። ለዚህ ነው ገና ምርምር የሆነው። ያንተው ፈንገስ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። የሚያውቅ መኖሩንም እንጃ።»

ደብተሬ ላይ «አልገባኝም» ብዬ በከፈትኩት ገጽ ይህን ጻፍኩ።

ሁለቱ ሳምንታት አለቁ። ጅማ ስንደርስ ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር። ከእናቴ ጋር ተቀመጥን። ዶክተሯ ስለ ቀዶ ሕክምናው ከመጀመራቸው በፊት «አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። ስለ ላይሲን፣ ስለ ኢንዛይሙ፣ ስለ ማጀቱ ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። በሕይወቴ በአንድ ጊዜ ያን ያህል የተናገርኩ አይመስለኝም። እናቴ አየችኝ። «የማጀቱን እሳት የሚያጠፋ መድኃኒት ካለ ልሞክረው፤ ሞክሩብኝ» አልኩ።

ዶክተሯ እስክጨርስ አዳመጡኝ። «ሐሳቡ እውነት ነው» አሉ። «አሁን ግን ያለው በላቦራቶሪና በአይጥ ላይ ነው። ለአንተ የምጽፍልህ እንክብል ሆኖ አልመጣም። ሲመጣ ደስ ይለኛል። እስከዚያ በእጃችን ያለው ይኸው ነው። በል፣ እሱን እንዴት እንደምትወስደው ንገረኝ።»

«እንደታዘዝኩት።»

«እንዴት ነው የታዘዝከው?»

ደብተሩን ሰጠኋቸው። ገለጡ። የመጀመሪያውን ገጽ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አነበቡ። ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«'ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ሁለት እንክብል፣ በጠበል ዋጥኩ' ይላል።»

«አዎ።»

«ከዚያ በፊት ምን በላህ?»

«ምንም። ዐቢይ ጾም ነበር። የበላሁት በዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«ከፋሲካ በኋላስ?»

«ቁርስ የምበላ ሰው አይደለሁም።»

«ፓኬቱ ላይ 'ከምግብ ጋር' ተብሎ ተጽፏል። አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ» አልኩ። «ጨጓራ እንዳይነካ መስሎኝ ነው። ጨጓራዬ ደግሞ ደህና ነው።»

ዶክተሯ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ዐይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ለጨጓራህ አይደለም» አሉ። «ለሌሎች ብዙ መድኃኒቶች እንዳልከው ነው፤ ለዚህ ግን አይደለም። ይህ እንክብል የሚሟሟው ምግብ ባለበት፣ አሲድ ባለበት ሆድ ውስጥ ነው። ባዶ ሆድ ላይ ብዙው ወደ ደምህ አይገባም። አምስት ወር ሙሉ በአንድ በኩል እየገባ በሌላ በኩል ሲወጣ ነበር።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔም ምክንያቱን መንገር ነበረብኝ። ማንበብ የሚችል ሰው ነው ብዬ አለፍኩት» አሉ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። ጠበሉን በየጠዋቱ ቀድታ የምታቀርብልኝ እሷ ናት። «ጠበሉ ነው እንዴ ያበላሸው፣ ዶክተር?» አለች።

«ጠበሉ ምንም አልበደለም፣ እትዬ» አሉ ዶክተሯ። «ሆዱ ባዶ ነበር። ይኸው ነው። እንዲያውም እንኳን ጻፈው። 'በጠበል' የሚለውን ባይጽፍ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ መጋዝ ነበር።»

ከቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ጋር የተያዘው ቀጠሮ ለሦስት ወር ተገፋ። ያው መድኃኒት እንደገና ሊሞከር ነው፤ አሁን ግን ከምግብ ጋር።

ቤት ስንደርስ የፍልሰታ ጾም አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። እናቴ የንስሐ አባታችንን አስጠራች። ነገሩን ሁሉ ነገርናቸው። እሳቸው ደብተሬን ለማየት አልፈለጉም። «መድኃኒቱ ምግብ ከጠየቀ ምግቡም መድኃኒት ነው» አሉ። «ብላ። ጾሙን እናትህ ትጾምልሃለች።»

እንዲሁም ሆነ። በነሐሴ፣ በዚያ ዝናብ፣ እናቴ በየጠዋቱ አንድ ጊዜ ጎደሬ ቀቅላ፣ ሌላ ጊዜ የባቄላ ወጥ ዘይት አብዝታ ሠርታ ፊቴ ታቀርባለች፤ እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ትቀመጥና እኔ ስበላ ታየኛለች። መጀመሪያ ላይ እጄን ከገበታው መለስኩ። «ብላ እንጂ፤ እኔ እኮ ባንተ አፍ ነው የምበላው» አለችኝ። ስጨርስ ሁለቱን እንክብሎች ትሰጠኛለች። ጠበሉን አልተውነውም፤ ከምግቡ በኋላ አደረግነው።

በመስከረም አጋማሽ ስለካ አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትሩ አሥር ሆነ። አላመንኩም፤ መለኪያውን ቀይሬ ደግሜ ለካሁ። በጥቅምት ስምንት ተኩል ሲሆን ጫፉ ላይ ያለው አበባ ጎመን መሰሉ ቆዳ እየሳሳ፣ እየደረቀ፣ እንደ ዛፍ ቅርፊት እየተነሣ ይወድቅ ጀመር። ዶክተሯ ሙቀትም ጨመሩልኝ፤ ይህ ፈንገስ ሙቀት አይወድም፣ ስለዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ የሞቀ ውኃ ያለበት የላስቲክ ከረጢት በፎጣ ጠቅልዬ እግሬ ላይ አስር ነበር፤ ሙሐመድ «ፈንገሱን ልትቀቅለው ነው» እያለ ውኃውን ሲቀዘቅዝ ይቀይርልኝ ነበር። ይህን ሐኪም ሳያዝ አትሞክሩት፤ የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማም። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ሲደርስ ዶክተሯ እግሬን አዩና የቀጠሮውን ወረቀት ቀደው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። ከዚያ ወዲያ መሻሉ ቀስ ያለ ነበር፤ ወር በወር፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር በግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ በበጋውም በበልጉም፣ አንዳንዴ ቁስሉ ጭራሽ እንዳልተነቃነቀ እየመሰለኝ፣ ግን በልቼ እየዋጥኩ።

እብጠቷ ከታየች ሁለት ዓመት ሲሞላ ኦቦ ገመቹ ለመጨረሻ ጊዜ ፋቁልኝ። የሚፋቅ ጥቁር ነጥብ ስላልነበረ ጠባሳውን ነው የፋቁት። ማይክሮስኮፑን አይተው ቦታውን ለቀቁልኝ።

«ምን ታያለህ?»

ረጅም ሰዓት አየሁ። ሁሉንም ጥግ። «ምንም» አልኩ።

«ምንም የሚባል ነገር ያምራል፣ አይደል?» አሉኝ።

ባዮፕሲውም ንጹሕ ሆነ፤ ዶክተሯ ግን መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ አላስቆሙኝም፤ ጥቂት ወራት ጨምረውልኛል። አሁን ያለኝ እንደ ተቃጠለ ላስቲክ የሚያብለጨልጭ ነጭ ጠባሳ ነው። ዛፍ ላይ እወጣለሁ። በቦቲ።

የማመሰግናቸውን ሰዎች እስካሁን አንባቢው ያውቃቸዋል። ዶክተሯን የማመሰግናቸው ከመድኃኒቱ ይልቅ «እኔም መንገር ነበረብኝ» ስላሉኝ ነው። ኦቦ ገመቹ ጡረታ ወጥተዋል፤ ስለ ፈንገሶች ማጀት አዲስ ነገር ሳነብ አሁንም ቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ስማቸውን የማላውቃቸው፣ አንድ ኢንዛይም ላይ ዓመታት የሚያጠፉ ሰዎች አሉ። መድኃኒታቸው ለእኔ አልደረሰም። ይድረስ ግን። ያለው መድኃኒት እንቢ የሚለው ሰው ይኖራል፤ እሱ እንደ እኔ ደብተሩ ውስጥ ስሕተቱን አያገኝም፤ እሱ የሚያስፈልገው ሌላ መንገድ ነው።

ምክሬ አጭር ነው። እሾህ ከወጋህ በኋላ የማይድን፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ሻካራ ነገር ካለህ በማጉያ እየው፤ ጥቋቁር ነጥብ ካለበት እነሱን ለሐኪሙ አሳይ። እንክብል ሲሰጥህ እንዴት እንደሚወሰድ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደዚያ እንደሚወሰድ ጠይቅ፤ በፈሳሽ መልክ የሚመጣው አወሳሰዱ ከእንክብሉ ሊለይ ይችላልና ስለ እሱም ጠይቅ። የጨጓራ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ተናገር፤ አሲዱን ስለሚቀንስ ይህን እንክብል ያዳክመዋል። ትጾም ከሆነ ተናገር። በምን እንደዋጥከው ጻፍ፤ የማይጠቅም የሚመስለውንም ጻፍ።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ጋሼ ነገራ ከሁሩሙ ሱቄ መጡ። ማር ይዘው ነበር። ተቀመጡ። ሙሐመድ ወጥቶ እስኪሄድ ጠበቁ። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ጎንበስ ብለው የግራ ቦቲያቸውን አወለቁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን እግር አይቼው አላውቅም።

«እስቲ በዚያ መነጽርህ እይልኝ» አሉ። «የቆየ ኪንታሮት ነው። ከአንተ ዕድሜ ይበልጣል።»

መነጽሩን ግንባሬ ላይ አሰርኩ። ነጥቦቹን ለመቁጠር ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ቀና ስል ፊቴን እያዩ ነበር።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ዛሬ ቁርስ በልተዋል?»

«በማለዳ ነው የወጣሁት። የት ልብላ?»

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ይለማመዱ» አልኩና ሱቁን ዘግቼ ይዤአቸው ወደ ቤት ሄድኩ። እናቴ ጎደሬ ጥዳ ነበር።